ቤቶች ሳይል የሚገባ ጀግና

እኔ በሥራ ቀን ላም አክማለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘንዶ እገድላለሁ። ሁለቱንም የምሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ላሟን የማክመው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ዘንዶውን ግን እትዬ ሙሉ ግቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ ነው የምገድለው። የከተማችንን የታኅሣሥ ብርድ የቀመሰ ሰው፣ ጀግና ጋቢ አይለብስም ብሎ አይከራከረኝም።

ጨዋታ ስላችሁ ኳስ እንዳይመስላችሁ። የኔ ጨዋታ በላፕቶፕ ላይ የሚኖሩት ኑሮ ነው። አንድ ሰው ትፈጥራላችሁ፤ ጢሙን፣ ጠባሳውን፣ የአፍንጫውን ቅርጽ ትመርጡለታላችሁ፤ ስም ታወጡለታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በእሱ እግር እየሄዳችሁ፣ በእሱ እጅ እየሠራችሁ አገር ታቋርጣላችሁ። ሰውየው ሲጀምር ቅጠል የሚገፋው ምስኪን ነው። በሠራ ቁጥር ግን ይጎለብታል። የኔን ሰው ጎበዜ ብዬዋለሁ። ጎበዜ ዛሬ ሰይፍ አለው፣ ፈረስ አለው፣ ወንዝ ዳር ያለች ቤት አለችው። እኔ የቤት ኪራይ የሚጨመርበትን ቀን እየፈራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኔን ቀድሞ ሳያየኝ አልቀረም።

ለምን እንደምወደው ልንገራችሁ። ላም የሚያማትን አትናገርም። ባለቤቷም አይናገርም፤ «ብቻ አልበላ አለች» ይላችኋል። በጨዋታው ዓለም ግን ችግር ያለበት ሰው ሁሉ ከራሱ በላይ ቢጫ ምልክት ይታይበታል። ቀረብ ስትሉት የፈለገውን ይነግራችኋል፤ ያደረጋችሁለት እንደሆነም ያመሰግናል። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያለ በሽተኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

ደግሞ የፈረንጅ ጨዋታ ይባላል እንጂ አካሄዱ የኛው ነው። «ሰኞ ባሕር ዳር ልሄድ ነው» የሚል ቃል ከአፋችሁ ያመለጠ ዕለት የሚሆነውን አስቡት። ጎረቤት መድኃኒት አምጣልኝ ይላል። የሥራ ባልደረባ የተሰበረ ስልክ ያሸክማችኋል። እትዬ ሙሉ ደግሞ ሐሙሲት ስትደርስ ከሚኒባሱ ውረድና እህቴን ሰላም በልልኝ፣ ይህን ድንች ስጣት፣ እሷ የምትሰጥህን በርበሬ ተቀበላት ትላለች። ራሳችሁ የሄዳችሁበት ጉዳይ ትዝ የሚላችሁ ተመልሳችሁ ከመኪና ስትወርዱ ነው። የጎበዜም ኑሮ ይኸው ነው። ዓለምን ሊያድን ተነሥቶ የአንዲት ባልቴት ድመት ሲፈልግ ይውላል።

በእኔና በጎበዜ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አፍ ነው። ጎበዜ ሰው ፊት ሲቆም የሚመልሳቸው መልሶች ከሥር ተደርድረው ይወጡለታል፤ ደስ ያለውን መምረጥ ብቻ ነው። እኔ እናኑ የራሷን አከራይ ውሻ ይዛ ክሊኒክ የመጣች ዕለት ምንም አልወጣልኝም። እናኑ አስተማሪ ናት። ስትስቅ በዓይኗ ነው፤ አፏ ቁም ነገር እንደያዘ ይቀራል። እኔ ከብዙ ሐሳብ በኋላ «ውሻው ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። ሌላ የምለው ስላጣሁ ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ደግሜ ጠየቅኋት። በዓይኗ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ውሻው ያልታመመበት ሳምንት አልነበረም።

ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ሽማግሌ ላክሁ። የእናኑ ቤተሰቦች ከጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች የሚያርሱ ሰዎች ናቸው። የክርስትና አባቴ አያ ዓለሙ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሄዱ፤ በወጉ ሳይቀመጡ፣ ቆመው ጠየቁ። በወጉም «እናጣራለን፤ የታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት ተመለሱ» ተባሉ። ማጣራት ማለት ዘር መቁጠር ብቻ አይደለም። ልጁ ይጠጣል ወይ፣ ሰው ያከብራል ወይ፣ እጁስ እንዴት ነው እየተባለ በስውር ይጠየቃል። ሌላው አባት ለዚህ ሥራ ሰው ይልካል። የእናኑ አባት አያ ደሴ ግን በእርቅ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ናቸው። ወሰን የተጋፋውም ደም የተቃባውም እሳቸው ፊት ነው የሚቀርበው። በሰው ወሬ የሚፈርዱ ሰው ስላልሆኑ ራሳቸው መጡ። እኔ መልካቸውን አላውቅም ነበር። እናንተ ግን ከአሁኑ እወቋቸው፤ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ማወቅ አለበት።

የገና ጾም ከገባ ሰንበት ብሏል፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ጎበዜ ከረጅም መንገድ ተመልሶ ወደ አንድ እንግዳ ማረፊያ እየተጣደፈ ነበር። የምንጣደፍበት ምክንያት አለን። በዚህ ጨዋታ እስካሁን የለፋችሁበት የሚጸናው ሰውየው ማረፊያ ገብቶ ሲተኛ ብቻ ነው። ሳይተኛ መብራት ከሄደ፣ ካለፈው እንቅልፉ ወዲህ የሠራው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ያለ ግድግዳው ሶኬት እስትንፋስ የላትም። መብራቱ ደግሞ ከጧት ጀምሮ አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ ሲል ውሏል።

«ቤቶች» አለ ድምፅ ከበሩ።

«ይግቡ» አልኩ፣ ዓይኔን ከጎበዜ ሳላነሣ።

አንድ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ ከትከሻቸው ግማሽ ኬሻ ድንች አወረዱ።

«ዶክተር የሚሉህ አንተ ነህ? በቅሎየ ሳል ይዟት መላ ትለኝ እንደሁ ብየ ነው። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ይችን ድንች ያዝ።»

«ምነው ተቸገሩ አባቴ። ይቀመጡ። አንዲት አፍታ ብቻ፣ ይህን ሰውዬ ላስተኛው።»

«የታመመ ሰው አለብህ?» አሉ አልጋውን እያዩ።

«የለም፤ እሱን ነው» አልኩ ወደ ላፕቶፑ እያሳየሁ። በርጩማውን ስበው ተቀመጡና ያዩ ጀመር።

ከመንገዳችን ላይ አንዲት ቤት ነበረች። እጄ ለምዶ ጎበዜን አስገባሁት። የእነዚህ ጨዋታዎች ልማድ ይኸው ነው። ያገኛችሁት ቤት ትገባላችሁ፣ ሣጥን ትከፍታላችሁ፣ እንስራ ትሰብራላችሁ፣ የወደዳችሁትን ከረጢታችሁ ትከታላችሁ። ባለቤቲቱ ምድጃዋ አጠገብ ቆማ ታያችኋለች። ብትጠጓት «ዛሬስ ብርድ ነው» ትላለች እንጂ ሌላ አትናገርም።

«የማን ቤት ነው?» አሉ እንግዳዬ።

«እንጃ አባቴ።»

«ቤቶች ሳትል ገባህ እኮ።»

«ቤቶች የሚባልበት ቁልፍ የለውም።»

ጎበዜ ጓዳ ገባ። ከመደርደሪያው አንድ ድፍን አይብ አነሣ፤ ቁስለኛ ስለነበረም እዚያው ቆሞ በላው። በዚያ አገር አይብ ቁስል ያሽራል። እንደ ሐኪም አልስማማበትም፤ ግን ይሠራል።

«ጓዳዋ ገባህ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «አሁን የበላኸው ምንድን ነው?»

«አይብ ነው።»

«በጾም?»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። «እኔ አልበላሁም፤ እሱ ነው የበላው» አልኩ።

«እሱ ማን ነው?»

«እኔው ነኝ።»

ዱላቸውን በዓይናቸው ፈለጉት። «ሴትዮዋ እኮ ታይሃለች።»

«አባቴ፣ እሷ ሥዕል ናት። ምንም አታውቅም።»

«እሷ አታውቅም። አንተሳ?»

ከሥር የተደረደረ መልስ አልወጣልኝም። ጎበዜን ከዚያች ቤት አስወጥቼ፣ ስሙን ለማደስ ያህል ስለ ቁም ነገሩ አወራላቸው ጀመር። የመንደሩ አለቃ ልጅ ጠፍታለች፤ አለቃው ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ፈልግልኝ ብሎ የለመነው ጎበዜን ነው አልኳቸው። እንዲህ ያለውን ጀግና አይብ በላ ብሎ መውቀስ እንደማይገባ እንዲረዱልኝ ነበር።

«የሰው ልጅ ጠፍታ አንተ ልትተኛ ነው?» አሉኝ። «ተነሥ፣ ሂድ እንጅ።»

ሽማግሌ ተነሥ ካለ መነሣት ነው። ጎበዜን ከእንግዳ ማረፊያው ደጃፍ መለስኩት። አልጋው በመስኮቱ ይታየኝ ነበር።

ልጅቷ ጠፋች ወደተባለበት ለመሄድ አንድ ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ ደግሞ መጥረቢያ የያዘ ሰው ቆሟል። በእኔ አያያዝ እንዲህ ያለ ሰው አጭር ዕድሜ ነው ያለው። ሰይፉን ስመዝ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ሰውየው ምን ይላል?»

እውነቱን ለመናገር የሚሉትን አንብቤ አላውቅም። ጽሑፉ ሲወጣ አልፈዋለሁ። አሁን ግን እያንዳንዷን ቃል ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ላነብ ሆነ። «ድልድዩ ያባቴ ርስት ነው፤ ማንም አያልፍም ይላል» አልኳቸው።

ርስት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከበርጩማው ተነሥተው አልጋዬ ላይ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። «ምስክር አለው?»

ጠየቅነው። ለካ ሰውየው ሆዱ ውስጥ ብዙ ነገር ነበረው። ድንጋዩን ተሸክሞ ድልድዩን የሠራው አባቱ ነው፤ አለቃው ግን አባትየው ሲሞት የኔ ነው ብሎ ልጁን አባረረው። ስንት ጊዜ በዚያ ድልድይ አልፌ፣ ስንቱን ባለ መጥረቢያ ጥዬ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ሽማግሌው በጥሞና ሰሙና «መልካም፤ አለቃውስ ምን ይላል? ያንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ የለም» አሉ። ጎበዜ ወደ መንደር ተመለሰ። አለቃው የራሱን ተናገረ። እንደገና ወደ ድልድዩ ሄድን። አንድ የረሱት ጥያቄ ስለነበር ደግሞ ወደ መንደሩ ተመለስን። የጎበዜ ፈረስ እንዲህ ያለ የመልእክተኛ ኑሮ ገጥሟት አያውቅም። እትዬ ሙሉ በበሩ ብቅ ብላ «ምንድን ነው?» ስትል፣ እንግዳዬ ሳይዞሩ «ነገር ይዘናል፤ ቆዪ» አሏት።

ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ነገሩ ሊያልቅ ደረሰ። ሰውየው ለዝቦ ነበር። ሽማግሌው «አንተም ተው፣ እሱም ይተው በለው» አሉኝ፤ ለእሱ የሚቀርበውን መልስ መርጬ ሰጠሁት። ሰውየው መጥረቢያውን አነሣና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

ጽሑፉን ላሳልፈው ጣቴን ሰደድኩ።

«ምን አለ እኮ ነው የምልህ።»

«ስለ ጎበዜ እናት ነው አባቴ» አልኩና በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ «በለው» አሉ።

አልኩት። ጎበዜ እንዲህ ባለው ነገር የሰለጠነ ነው። ሰውየው ወደቀ፤ እጄም እንደ ልማዱ ወደ ሟቹ ጫማ ሄደ።

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«ጫማውን ታወልቀዋለህ?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ራሳቸውን ያዙ። ፊታቸው ተለወጠ። «ወይኔ ደሴ። ይህን ሁሉ ዘመን ደም ሳደርቅ ኑሬ ዛሬ ደም ላፍስስ? ዘመድ አለው? ቀብሩስ?»

«እዚህ ቀብር የለም። ትንሽ ቆይቶ ሬሳው ይጠፋል።»

«ሳይፈታ?»

ደሴ የሚለውን ስም ሰምቼው ነበር። ግን ደሴ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለና ልብ አላልኩትም። ደግሞም ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ መብራቱ ሄደ። ላፕቶፑ ጥቁር ሆነ። እኔ ጮኽኩ። ዘንዶው የተገደለው፣ ፈረሷ የተገኘችው፣ ከቀትር ጀምሮ የለፋሁበት ሁሉ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

«ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው በጨለማው።

«ጎበዜ ሳይተኛ መብራት ሄደ አባቴ። ከባለፈው ወዲህ የሆነው ሁሉ አልሆነም። ሁሉም እንደ መጀመሪያው ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያ ሰውየስ?»

«እሱማ ድልድዩ ላይ ቆሟል።»

«ቆሟል?» አሉና ከአልጋው ተነሥተው በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን አምላኬ። ይህን መብራት ያጠፋ እጁ ይባረክ። ደም የለብንም ማለት ነው እኮ ልጀ።» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። እኔ ዕንባዬ ሊመጣ ደርሷል፤ እሳቸው እንደ ሰርገኛ ደስ ብሏቸዋል። ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ። «ልጅቱ ግና አልተገኘችም።»

«አልተገኘችም» አልኩ። ያን ጊዜ ሥራዬ ትዝ አለኝ። «በቅሎዋስ አባቴ? ስለ ሳሏ ምንም አልተነጋገርን።»

«በቅሎ እንኳ የለኝም» አሉ። «ወደኛ የሚያልፈው የጋይንቱ መኪናም ሄዶብኛል። እናኑ ዘንድ አድራለሁ።»

«የቷ እናኑ?»

«ልጀ ናታ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ለጊዜው አላስታውስም። እትዬ ሙሉ እንደነገረችኝ፣ ያገኘችኝ የድንቹን ኬሻ አቅፌ ተቀምጬ ነው። እሷም የራሷን ነገረችኝ። ሽማግሌው ወደኔ ከመግባታቸው በፊት ስለ ጠባዬ ጠይቀዋት ነበር። «ጨዋ ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም» ብላ አመሰገነችኝ። ከዚያ ምስጋናው እንዳይበዛ ፈርታ «ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይጣላል» አለቻቸው።

ከዚያ እስከ ቀጠሮው ድረስ ሰው አልነበርኩም። የማጠባውን ጥጃ ትቼ እናቱን አጠባሁ። እናኑን ምን አሉሽ ብላት «አባየ ምንም አላለኝም፤ ብቻ አይብ ትወድዳለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለችኝ። አፏ አልሳቀም፤ ዓይኗንም ደፍሬ አላየሁትም። ሰው በገዛ ሥራው ይቀላል፤ እኔ በሥዕል አይብ ሚስት ላጣ ነው እያልኩ እተክዝ ነበር።

የገብርኤል ማግሥት ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የክርስትና አባቴ አያ ዓለሙ ፊታቸው እንደ ጉና ሰማይ ጠቁሯል። ቤቴ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«አንተ ልጅ፣ ሌላ ሴት ደብቀህብናል?»

«እረ በገብርኤል።»

«እንግዲያ የማን አለቃ ልጅ ናት የጠፋችው? ቆመን እግራችን እየተንቀጠቀጠ ሰውየው ምን አለን መሰለህ? ልጁን አይቸዋለሁ፣ ክፉ አይደለም፤ ግን ያለቃው ልጅ ከድልድይ ማዶ ቀርታለች፣ እሷን ሳያገኝ የኔን እንዳይጠይቀኝ አለ። ሲፈልጋትም ቤቶች ሳይል ሰው ቤት አይግባ፣ የሰው አይብ አይንካ፣ ደም አያፍስ አለ። እኛ ደም የሚባል ነገር ሰምተን አናውቅም። የማን ደም ነው? አይቡስ የማን ነው?»

ላፕቶፑን ከፍቼ ጎበዜን አሳየኋቸው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። በመጨረሻ አያ ዓለሙ ቀና አሉና «ያዋረደን ይኸ ነው?» ብለው ወጡ።

ጥር እየደረሰ ነበር። ጥር ካመለጠ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሰርግ ወደ ፋሲካ ማዶ ይሻገራል። እስከዚያ የአያ ደሴ ሐሳብ ይለወጥ ይሆናል፣ የእናኑም ይለወጥ ይሆናል። እንደዚያ ቅዳሜ ጨዋታ ፈርቼ አላውቅም። ታዛቢ ትሁን ተብላ እናኑ መጣች፤ እትዬ ሙሉ ደግሞ ለወጉ ከመካከላችን ተቀመጠች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

መጀመሪያ ወደዚያች ወደ አይቧ ሴትዮ ቤት ሄድን። ቤቶች የሚባልበት ቁልፍ ስለሌለ በገዛ አፌ «ቤቶች» አልኩ። ጎበዜ ደጃፍ ላይ ቆመ። ማንም አልመለሰም። ሦስታችንም ጠበቅን። በመጨረሻ እትዬ ሙሉ አላስችል ብሏት «ግባ ልጄ፣ ቤት ያፈራውን» አለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ያለው ቤት ሁሉ የእሷ ሆነ። እኔ ቤቶች እላለሁ፣ እሷ ግባ ትላለች፤ አንድ ቤትማ ፊቷን አጨፍግጋ «ሰው የለም፣ ሌላ ጊዜ ና» ብላ መለሰችኝ። ለምን ብላት «ዛሬ ደክሞኛል» አለች።

ያን ዕለት የተበላውን አይብ መብራቱ መልሶላታል፤ ከዚያ በፊት የወሰድኩባትን መመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጨዋታው መውሰድ እንጂ መመለስ አያውቅም፤ የሚቻለው መሬት ላይ መጣል ብቻ ነው። ጎበዜ ከከረጢቱ አንድ ድፍን አይብ አውጥቶ ምድጃዋ አጠገብ ጣለላት። አይቡ ተንከባልሎ አልጋ ሥር ገባ። «ዛሬስ ብርድ ነው» አለች ሴትዮዋ። እናኑ «ይቅርታ አድርጋልሃለች» ብላ ፈረደች። የቀረውን አይብ ከየት ከየት እንዳመጣሁት ስለረሳሁ ከረጢቴ ውስጥ ቀረ። ጾም ነውና ጎበዜ ካሮትና ደረቅ ዳቦ እየበላ፣ ቁስሉን ተሸክሞ፣ እያነከሰ ድልድዩ ደረሰ።

ባለ መጥረቢያው እንደ ቆመ ነበር። በአያ ደሴ ሥርዓት የእሱንም የአለቃውንም ቃል ደግመን ሰማን። አለቃው ግማሹን አመነ። ሰውየው ለዘበ። ከዚያ ያንኑ ስለ ጎበዜ እናት ተናገረ። እጄ ወደ ሰይፉ ሲሄድ እናኑ አየችኝ። ምን እንዳለ አልጠየቀችኝም፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት።

«ከታች አንድ አለ» አለች። «ታችኛውን አይተኸው ታውቃለህ?»

ከመልሶቹ ሁሉ ሥር፣ በደቃቃ ፊደል፣ ዝም በል የሚል ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጫወት አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ጀግና ዝም ለማለት አይፈጠርም ብዬ ነው። ነካሁት። ጎበዜ ዝም አለ። ባለ መጥረቢያውም ዝም አለ። እትዬ ሙሉ እንኳ ዝም አለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰውየው መጥረቢያውን መሬት አስደገፈና «የሚበላ ነገር ይዘሃል?» አለ።

አይብ እንደ ያዝኩ ታውቃላችሁ። ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት። እትዬ ሙሉ «እሱ አይጾምም እንዴ?» ብላ አጉረመረመች። ሰውየው ግን ከድልድዩ ወርዶ ዳር ላይ ተቀመጠና መብላት ጀመረ። ጎበዜ ሰይፉን ሳይመዝ ተሻገረ። ልጅቷ ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ማንም አልወሰዳትም። ድልድዩን ፈርታ፣ መንገድ የሚከፍትላት ሰው ስትጠብቅ ኖራለች። ወደ አባቷ ቤት አደረስናት። እኔ ሳላስበው ጎበዜን ወስጄ አስተኛሁት፤ መብራቱም ያን ቀን ጨዋ ነበር።

እናኑ ስልኳን አንሥታ ወደ ጉና ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁላችንም እንድንሰማ አደረገች።

«አባየ፣ ልጅቷ ተገኘች።»

«ደም የለም?»

«የለም።»

«ያ በመጥረቢያ የሚቆመው ሰውየስ?»

«አይብ እየበላ ነው።»

ከዚያ አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያ ሽማግሎቹን ላክ በይው፤ አሁን ተቀመጡ እላቸዋለሁ። ያን የመጀመሪያውን የድልድዩን ነገር ግና፣ የኔንና የሱን፣ ለማንም እንዳያወራው።» በዚያች ሰዓት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እትዬ ሙሉ እልል አለች። እናኑም በዓይኗና በአፏ አንድ ላይ ስትሥቅ ያን ዕለት አየኋት። የድልድዩን ነገር ለማንም አላወራሁም፤ ለእናንተ ብቻ ነው።

ሰርጉ ጥር ሳይወጣ ሆነ። ሚዜዎቼን አስከትዬ፣ ከመኪና መንገዱ ወርደን፣ ቀሪውን ዳገት በእግር ወጥተን የአያ ደሴ ደጃፍ ደረስን። የሰፈሩ ልጃገረዶች በወጉ በሩን ዘግተው፣ እየዘፈኑ፣ አናሳልፍም ብለው ቆሙ። ሚዜዎቼ እንደ ሌላው ሰርግ ሁሉ ትከሻቸውን አዘጋጅተው ሊገፉ ተነሡ። እኔ በእጄ ከለከልኳቸውና ጥቂት ወደ ፊት ራመድ አልኩ።

«ቤቶች» አልኩ።

ዘፈኑ ጸጥ አለ። ሙሽራ ቤቶች ሲል ሰምተው አያውቁምና ልጃገረዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከውስጥ የአያ ደሴ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«አንተ ነህ ወይስ ያ ሰውየ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያ ግባ ልጀ» አሉ። «ጓዳውን ግና ቆልፈነዋል።»